ሣር ለባሿ ጀልባ፦ የዳክዬ አዳኞች የጀልባቸውን ክዳን ከምን ይሠሩታል?

በአሜሪካዋ የኒው ጀርሲ ግዛት ዳርቻ፣ ቀጫጭን የአሸዋ ደሴቶች ከአትላንቲክ ውቅያኖስ የከለሉት፣ ጥልቀቱ አነስተኛ የሆነ ውኃ አለ። ባርኔጋት ባሕረ ሰላጤ ይባላል። በታኅሣሥ ማለዳ ዳር ዳሩን የቃኘ ሰው ከደረቀ ሣርና ከጭቃ በቀር የሚያየው የለም። ከሰሜን የሚመጡት ዳክዬዎችም የሚያዩት ይህንኑ ነው። ከሣሩ ጉብታዎች አንዱ ግን ጉብታ አይደለም። ከሥሩ በጀርባው የተጋደመ ሰው፣ አንድ ጠመንጃ፣ አንዳንዴም ብርድ የማይበግረው ውሻ አለ። ጉብታው ጀልባ ነው።

ይህች ጀልባ «ስኒክቦክስ» ትባላለች፤ «ሹልክ ብላ የምትጠጋ ሣጥን» እንደ ማለት ነው። የመጀመሪያዋን በ1836 (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የሠራት ሄዘልተን ሲማን የተባለ የዌስት ክሪክ መንደር ጀልባ ሠሪና አዳኝ እንደሆነ ይተረካል። በመጀመሪያ የወጣላት ስም «የሰይጣን የሬሳ ሣጥን» ነበር ይባላል። ያያት ሰው ስሙ አይገርመውም፤ ርዝመቷ ብዙ ጊዜ 3.6 ሜትር፣ ወርዷ 1.2 ሜትር ያህል ሆኖ ከውኃው ብቅ የምትለው በጥቂቱ ነው። ቢሆንም ጠንካራ ናት። ናትናኤል ቢሾፕ የተባለ ተጓዥ በ1875 መጨረሻ በአንዷ ተሳፍሮ ከፒትስበርግ ተነሣ፤ የኦሃዮንና የሚሲሲፒን ወንዞች፣ ከዚያም የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤን ዳርቻ ተከትሎ 2,600 ማይል ያህል ተጓዘ። ሌሊት ሌሊት የሚተኛው እዚያችው ውስጥ ነበር።

ተራ የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ከላይ ክፍት ናት። ስኒክቦክስ ግን ከአፍንጫዋ እስከ ጅራቷ ተሸፍናለች፤ ክፍት የሚቀረው አዳኙ የሚገባባት መሐል ላይ ያለች ቀዳዳ ብቻ ናት። ይህን ሽፋን አሜሪካኖቹ «ዴክ» ይሉታል። ቃሉ በአማርኛ ብዙ ጊዜ «ወለል» ተብሎ ይተረጎማል፤ በዚህች ጀልባ ላይ የሚሠራውን ሥራ የሚገልጸው ግን «ክዳን» የሚለው ነው። እንደ ቤት ክዳን ጎበጥ ብሎ ዝናብና ማዕበል ያወርዳል። እንደ ሣር ክዳንም ሣር ይለብሳል፤ አዳኙ በየጠርዙ በተበጁ ማሰሪያዎች ላይ ከአካባቢው የታጨደ ሣርና ቄጠማ ያስርበታል። ደግሞም ወለል ነው፤ ለማታለያ የሚንሳፈፉ የእንጨት ዳክዬዎች ይጫኑበታል፣ ሰው ይንበረከክበታል፣ ውሻ ከውኃ ወጥቶ ይራገፍበታል።

ዛሬ እነዚህን ጀልባዎች ከሚሠሩት መካከል ብዙዎቹ ባለሙያ አናጺዎች አይደሉም። ንድፍ ገዝተው መኪና ማቆሚያቸው ውስጥ ቅዳሜና እሑድ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። የታችኛውን አካል ንድፉ እንዳዘዘው በጥንቃቄ ይሠሩታል። ክዳኑ ላይ ሲደርሱ ገንዘቡም ትዕግሥቱም ተሟጧል፤ የአደን ወቅቱም ደርሷል። «ከዚህ በላይስ ያገኘሁትን ልምታበት» የሚባለው ያኔ ነው። ብዙ ጀልባ የሚሞተውም ከዚያው ቦታ ጀምሮ ነው።

ጠላቱ ከላይ ይመጣል

የእንጨት ጀልባ ጠላት ከታች ያለው ባሕር ይመስላል። ለክዳኑ ግን ጨዋማ ውኃ ከዝናብ ውኃ ይሻለዋል። እንጨትን የሚያበሰብሰው ፈንገስ ጨው አይስማማውም፤ የሚስማማው ንጹሕ ውኃ፣ አየርና መጠነኛ ሙቀት ነው። እንጨት ውስጥ ያለው እርጥበት ከ20 በመቶ በታች ከሆነ ፈንገሱ አያድግም። እንጨቱ ሙሉ በሙሉ ውኃ ውስጥ ተቀብሮ አየር ካላገኘም አያድግም። ችግሩ የሚፈጠረው በሁለቱ መካከል ነው፤ በዝናብ ርሶ፣ ቀለም አፍኖት፣ መድረቅ የተሳነው ጥግ ውስጥ።

ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ከኒው ጀርሲ መውጣት አያስፈልግም። በ19ኛው መቶ ዘመን በግዛቲቱ ደቡብ፣ በዴኒስቪል አካባቢ ሰዎች ረግረግ ውስጥ የተቀበሩ የነጭ ሴዳር ግንዶችን እንደ ማዕድን እየፈለጉ ያወጡ ነበር። ዛፎቹ ከወደቁ ብዙ ዘመን አልፏቸዋል፤ እንጨቱ ግን ጤነኛ ስለነበር ተፈልጦ የቤት ክዳን ሆኗል። ከዛፉ የተፈጥሮ ጥንካሬ በተጨማሪ የጠበቀው አየር የማያስገባው ጭቃ ነው።

ስለዚህ ክዳን የሚመርጥ ሰው የሚመልሰው ጥያቄ «የትኛው እንጨት አይረጥብም?» የሚል አይደለም። የማይረጥብ የለም። ውኃው በየት በኩል ይገባል፣ ከገባስ በየት በኩል ይወጣል? ቁሱ የሚመዘነው በዚህ ነው።

የአባቶች ምርጫ፦ ሴዳርና ሸራ

የባርኔጋት ሰዎች ጀልባቸውን የሠሩት በደጃቸው ከሚበቅለው ነጭ ሴዳር ነው። ዛፉ ከእኛ ጥድ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው፤ በካሮላይና ግዛቶችማ ስሙ ራሱ «ጥድ» የሚል ትርጉም ባለው የእንግሊዝኛ ቃል ይጠራል። ለአጥር ቋሚ የሚተከለውን የሐበሻ ጥድ ዕድሜ የሚያውቅ ሰው ጠባዩን ይገምታል። ቀላል ነው፣ ለመላግ ይመቻል፣ ቶሎ አይበሰብስም። ለስላሳ መሆኑ ግን ጉድለቱ ነው፤ የጫማ ተረከዝና የውሻ ጥፍር ምልክት ይተውበታል።

ከጣውላ የተሠራ ክዳን ሌላም ጠባይ አለው። ጣውላ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሟሽሻል። የጣና ታንኳ ከደንገል ስለምትሠራ ውኃ እየጠጣች ትከብዳለች፤ ባለቤቷ ከሐይቁ አውጥቶ ማድረቅ አለበት። የጣውላ ጀልባ ተቃራኒዋ ናት፤ ከውኃ ወጥታ ፀሐይ ላይ ከሰነበተች መገጣጠሚያዋ ይላቀቅና ታፈሳለች። ዓመቱን ሙሉ ወደብ ላይ ለምትንሳፈፍ ጀልባ ይህ ጭንቀት አልነበረም። የዛሬው አዳኝ ግን ጀልባውን ከመኪናው በስተኋላ በተጎታች ያመላልሳል፤ ከአደን ወቅት ውጭም ወራት ሙሉ ደረቅ ቦታ ታድራለች። በአዲሱ ወቅት የመጀመሪያ ቀን የሚወርደው ዝናብ በጣውላዎቹ መሐል ተንጠባጥቦ አዳኙ አንገት ላይ ያርፋል።

መፍትሔው ሸራ ነበር። ጣውላው ላይ ወፍራም ቀለም ይቀባና ሳይደርቅ ሸራ ይወጠርበታል፤ ጠርዙ በመዳብ ምስማር ይያዛል፤ ከላይ ደግሞ ሸራው እስኪጠግብ ቀለም ይጨመርለታል። ሸራው ከጣውላው ጋር ስለሚለጠጥ ቶሎ አይሰነጠቅም። ከተቀደደ ግን ከሥሩ የገባው ውኃ መውጫ የለውም፤ ለዓመታት የዳነው ጣውላ በጥቂት ወቅቶች ይበሰብሳል። የድሮ ጀልባ የሚያድሱ ሰዎች ዛሬም ሸራን ይመርጣሉ። አዲስ የሚሠራ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ፊቱን የሚያዞረው ወደ ኮምፔንሳቶ ነው።

ሁሉም ኮምፔንሳቶ አንድ አይደለም

ኮምፔንሳቶ ስስ ሆነው የተላጡ የእንጨት ንጣፎች አንዱ በአንዱ ላይ በኮላ እየተነባበሩ የሚሠራ ሰሌዳ ነው፤ የእያንዳንዱ ንጣፍ የእንጨት መስመር ከሥሩ ካለው ጋር መስቀለኛ ነው። ስለዚህ እንደ ጣውላ አያብጥም፣ አይሟሽሽም። ለረጅም ጊዜ ጀልባ ሠሪዎች ያላመኑት በኮላው ምክንያት ነበር፤ ሲረጥብ ይላቀቃል። በ1934 ጄምስ ኔቪን የተባለ ኬሚስት በዋሽንግተን ግዛት አበርዲን ከተማ በሚገኝ የኮምፔንሳቶ ፋብሪካ ውስጥ ውኃ የማይፈታው ኮላ ሠራ። ኮምፔንሳቶ ወደ ጀልባ የገባው ከዚያ ወዲህ በሰፊው ነው።

ዛሬ በግንባታ ዕቃ ሱቅና በጀልባ ዕቃ ሱቅ የሚሸጡት ሰሌዳዎች ኮላ ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው። የሚለያዩት በሆዳቸው ነው። ለግንባታ የሚሸጠው ሰሌዳ ውስጡ ባዶ ክፍተቶች ይኖሩታል፤ ግድግዳ ላይ ቢመታ ማንም አያውቀውም። ጀልባ ላይ ግን ክፍተቱ የውኃ ጎተራ ይሆናል፤ ሰሌዳው ሲጎብጥም የሚሰበረው እዚያው ላይ ነው። «ቢ ኤስ 1088» የሚባለው የብሪታንያ ደረጃ የጀልባ ሰሌዳ ኮላው ፈልቶ የማይፈታ፣ የውስጥ ንጣፉም እንከን አልባ እንዲሆን ይጠይቃል። ዋጋውም በዚያው ልክ ከፍ ይላል።

ይህን ደረጃ ይዘው ከሚሸጡት መካከል የታወቁት ሁለት ናቸው። ኦኩሜ በዋናነት የጋቦን ዛፍ ነው። 1.22 በ2.44 ሜትር የሆነው፣ 6 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የኦኩሜ ሰሌዳ 9 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ ይመዝናል፣ በቀላሉም ይጎብጣል። መበስበስን መቋቋም ግን አይችልም፤ ደህና ልብስ ካልለበሰ ፈንገስ ይወደዋል። የደቡብ ምሥራቅ እስያው ሜራንቲ በሁለት ኪሎ ገደማ ይከብዳል፣ ለመጎበጥም ያስቸግራል፤ በመበስበስ በኩል ግን ከኦኩሜ ይሻላል። ቀላልነትን ያስቀደመ ኦኩሜን፣ ዕድሜን ያስቀደመ ሜራንቲን ይወስዳል።

ኪሱ የሳሳ ሰው የአሜሪካውን የዳግላስ ፈር ኮምፔንሳቶ ያገኛል። ጠንካራ ነው፤ ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቁበት ግን ፊቱ በጥቃቅን ስንጥቆች ይሞላል፣ ቀለሙም አብሮ ይሰነጠቃል። ከዚህ የሚያመልጥበት አንድ መንገድ በላዩ ሬዚን (ሰው ሠራሽ ሙጫ) የጠጣ ወረቀት የተለጠፈበት ዓይነት ነው። ይህ ሰሌዳ ቀለም አጥብቆ ስለሚይዝና ለዓመታት ውጭ መቆም ስለሚችል ለአውራ ጎዳና ምልክቶችም ይውላል። ደረቅ ስለሆነ ግን በጣም ጎበጥ ላለ ክዳን አይመችም።

የገዛውን ሰሌዳ ያላመነ ሰው ወጥ ቤት ውስጥ ሊፈትነው ይችላል። ቁራጩን ድስት ውስጥ ጨምሮ ለአንድ ሰዓት ያፈላዋል፣ ያደርቀዋል፣ ደግሞ ያፈላዋል። ንጣፎቹ ከተላቀቁ ሰሌዳው ለመደርደሪያ ይሆናል እንጂ ለጀልባ አይሆንም።

ከቤት ግንባታ ሱቅ የሚመጣ ፈተና

«እንዳይበሰብስ መድኃኒት የጠጣ እንጨት እያለ ይህ ሁሉ ለምን?» የሚል ጥያቄ ከጀማሪዎች አይጠፋም። መልሱ ክብደትና ኬሚካል ነው። በአሜሪካ ከ2003 መጨረሻ ጀምሮ አርሴኒክ ያለበት መድኃኒት ለመኖሪያ ቤት ግንባታ መዋሉ ቀርቶ መዳብ የበዛባቸው መድኃኒቶች ተተክተዋል። መዳቡ ተራ የብረት ብሎንንና አሉሚኒየምን ይበላል። እንጨቱም ብዙ ጊዜ እርጥብ ሆኖ ይሸጣል፤ ቤት ገብቶ ሲደርቅ ይጠማዘዛል፤ እንደረጠበ ከተለጠፈ ደግሞ ኢፖክሲ የተባለው ማጣበቂያ አይይዘውም።

ሁለተኛው ፈተና ለበረንዳ የሚነጠፈው፣ ከሰጋቱራና ከፕላስቲክ የተሠራው ጣውላ ነው። አይበሰብስም፣ ቀለምም አይፈልግም። ግን ከብዙዎቹ እንጨቶች ይከብዳል፣ ብቻውንም ብዙ አይሸከምም፤ በረንዳ ላይ እንኳ በየ40 ሴንቲ ሜትሩ ወራጅ ይፈልጋል። ከባድ ነገር ጀልባ አናት ላይ ሲጫን ጀልባዋ ትንገዳገዳለች። በበረዶ ውኃ ላይ የምትንገዳገድ ጀልባ ደግሞ ነፍስ ታስከፍላለች። ችፑድና መሰሎቹ ውኃ ሲነካቸው እንደ ዳቦ ስለሚያብጡ እዚህ አይነሡም።

ውፍረት ወይስ ወራጅ?

የጀማሪ ደመነፍስ «ወፍራም ይሁን» ይላል። ሂሳቡ ግን ሌላ ነው። ሦስት ካሬ ሜትር ያህል ለሆነ ክዳን 6 ሚሊሜትር ኦኩሜ 9 ኪሎ፣ 12 ሚሊሜትር ደግሞ 18 ኪሎ ይመዝናል። እርግጥ ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ሰሌዳው ስምንት እጥፍ ይደድራል። ያን ያህል ድድርና ግን ከሥሩ ሁለት ሦስት ቀጫጭን ወራጆች በመጨመር በጥቂት ኪሎ ማግኘት ይቻላል። ጀልባዋን ጨለማ ውስጥ በጭቃና በስስ በረዶ ላይ የሚጎትተው ሰው ልዩነቱን በወገቡ ያውቀዋል።

ወፍራም ሰሌዳ አይጎብጥምም። ጎባጣነት ደግሞ ለዚህ ክዳን ጌጥ አይደለም፤ ውኃ እንዳያቁር ያደርጋል፣ ጥላ የሚጥል ስለታም ጠርዝም ያስቀራል። ኮምፔንሳቶ እዚህ ላይ ወሰን አለው። ካርቶን ወደ ቱቦ ይጠቀለላል፤ ኳስ ላይ ግን ሳይጨማደድ አይለጠፍም። ኮምፔንሳቶም ወደ አንድ አቅጣጫ ይጎብጣል፣ ወደ ሁለት በአንዴ እሺ አይልም። የድሮዋ ስኒክቦክስ ደግሞ በርዝመቷም በወርዷም የጎበጠች ናት። እንዲህ ያለውን ቅርጽ የፈለገ ሰው ቀጫጭን የሴዳር ዘንጎችን ጎን ለጎን እያጣበቀ ይሠራል፣ ወይም 3 ሚሊሜትር ኮምፔንሳቶን በጠባቡ ቆርጦ ሁለት ድርብ በሰያፍ ይነባብራል።

ሌሎች ደግሞ ቅርጹን ራሱን ለውጠዋል። በ1963 ብሪታንያ ውስጥ ሚረር የተባለችው ትንሽ ባለ ሸራ ጀልባ የኮምፔንሳቶ ሰሌዳን በመዳብ ሽቦ እየሰፉ መገጣጠሚያውን በፋይበርግላስ የማጣበቅን ዘዴ በሰፊው አስተዋወቀች። በዋሽንግተን ግዛት ኦሊምፒያ የሚታወቀው ሳም ዴቭሊን በዚህ ዘዴ የሚሰፉ የዳክዬ አደን ጀልባዎችን ነድፏል፤ ስለ ዘዴውም መጽሐፍ አሳትሟል። በእንዲህ ያሉ ንድፎች ላይ ክዳኑ ኮምፔንሳቶ በሚችለው መንገድ ብቻ እንዲጎብጥ ታስቦ ይሣላል።

ጀልባዋ ምን ያህል ዝቅ ብላ እንደምትደበቅ ግን የቅርጽ ብቻ ሳይሆን የሕግም ጉዳይ ነው። ከዋሽንግተን ወደ ፊላደልፊያ በአውራ ጎዳና 95 የሚመላለሱ ኢትዮጵያውያን የሰስኩሃና ወንዝን የሚሻገሩት በሃቨር ደ ግሬስ ከተማ አጠገብ ነው። በዚያ አካባቢ አዳኞች ቀድሞ ሰውን ከውኃው ወለል በታች በሚያስቀምጥ ሣጥን ይጠቀሙ ነበር፤ አእዋፍን እጅግ ስለፈጀ የፌዴራሉ መንግሥት በ1935 ከለከለው። ዛሬ የሣጥኖቹ ታሪክ የእንጨት ዳክዬዎችን በሚያሳየው የከተማዋ ሙዚየም ይተረካል። ጠልቆ መደበቅ ሲቀር ከውኃው በላይ ተንሳፍፎ ሣር ለብሶ የመደበቅ ጥቅም ከፍ አለ።

ልብሱና ስፌቱ

ዛሬ የኮምፔንሳቶ ክዳን ልብስ ኢፖክሲና ስስ የፋይበርግላስ ጨርቅ ነው። በሚሺጋኗ ቤይ ሲቲ ይሠሩ የነበሩት ጉጆን ወንድማማቾች ከ1960ዎቹ መጨረሻ አንሥቶ ለእንጨት ጀልባ የሚሆን ኢፖክሲ ለገበያ በማቅረብ ዘዴውን አስፋፍተዋል። ለዳክዬ ጀልባ ክዳን በካሬ ሜትር ከ135 እስከ 200 ግራም የሚመዝን ጨርቅ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ርካሹ ፖሊስተር ሬዚን እንጨትን እንደ ኢፖክሲ አጥብቆ ስለማይይዝ ከጊዜ በኋላ ሊላጥ ይችላል። ኢፖክሲም ሁለት ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ የሰውን ቆዳ ስለሚያስቆጣ ያለ ጓንት አይነካም፣ የፀሐይ ጨረር ስለሚጎዳውም ያለ ቀለም አይተውም።

ጨርቁ ፊቱን ያድናል። ውኃው ግን መጀመሪያውንም በፊት በር አይገባም። የሚገባው በሰሌዳው ጠርዝና በብሎን ቀዳዳ ነው። የተቆረጠ የኮምፔንሳቶ ጠርዝ የኩራዝ ክር ጋዝ እንደሚስብ ውኃ ይስባል። ልምድ ያለው ሠሪ ጠርዙን እስኪጠግብ ደጋግሞ ኢፖክሲ ያጠጣዋል። ሣር ማሰሪያውንና ገመድ መያዣውን ሲያስር ደግሞ ቀዳዳውን ከብሎኑ አስፍቶ ይበሳዋል፣ ወፈር ባለ ኢፖክሲ ይደፍነዋል፣ ሲደርቅ መሐሉን እንደገና ይበሳዋል። ብሎኑ ከዚያ ወዲያ እንጨት አይነካም። የብሎኑም ዓይነት ይለያል፤ ስቴንለስ ብረት አየር የማያገኘው እርጥብ እንጨት ውስጥ ሲቆይ ሊበሳሳ ስለሚችል በጨው ውኃ የሚሠሩ ብዙዎች ነሐስን ይመርጣሉ።

ቀለሙ የማያንጸባርቅ መሆን አለበት። አሜሪካኖቹ ለዚህ ከሚሸጧቸው ቀለሞች አንዱን «የሞተ ሣር» ብለውታል። ቀለሙ ሳይደርቅ ደቃቅ አሸዋ ወይም የተፈጨ የዋልነት ቅርፊት ይነሰነስበታል፤ አለበለዚያ ውርጭ ያረፈበት ክዳን እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ውሻው የሚወጣበት ቦታ ላይ አንድ ድርብ ጨርቅ የሚጨምሩ አሉ፤ የጥፍር ጭረት ቀለሙንና ኢፖክሲውን አልፎ እንጨት ከነካ አዲስ የውኃ በር ተከፈተ ማለት ነው።

የአደኑ ወቅት ሲዘጋ ሣሩ ከክዳኑ ላይ ይወርዳል፤ እርጥበት አፍኖ ስለሚይዝ ታስሮ አይከርምም። ጀልባዋ ታጥባ ሁለት መደገፊያዎች ላይ ክዳኗ ወደ ታች ሆኖ ትገለበጣለች፤ የመግቢያዋ ቀዳዳም ነፋስ እንዲያገኛት ክፍት ትሆናለች። ከዚያ ባለቤቱ ከሥሯ ገብቶ በወስፌ ጫፍ የየብሎኑን ዙሪያና የየወራጁን መገጣጠሚያ ይወጋጋል። ወስፌው እምቢ ካለው ለዚያ ዓመት የሚበቃው አንድ ጣሳ ቀለም ነው። ሰተት ብሎ ከገባለት ግን መጋዙን ያመጣል፤ የተበላሸውን ቆርጦ አውጥቶ አዲስ ቁራጭ ለመግጠም እስከ መስከረም ጊዜ አለው።